መድረሻ የሌላቸው መንገዶች

ምድረ ቃኝ ሰማይ ላይ ቆሞ ተራራ ሲያርም ዋለ። ምድረ ቃኝ ማለት የጥንት ካርታ አንብቦ፣ ከሥሩ ካለው መሬት ጋር አስተያይቶ፣ ሰው የት መኖር እንደሚችል የሚፈርድ በራሪ መርከብ ነው። ትርሲት ብቸኛዋ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋም የመርከቡን ፍርድ ማጽደቅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬ ፍርዱን እምቢ ብላ አታውቅም።

የዛሬው ቦታ ድንጋይ በር ይባላል። አያቶቻቸው ከተማ ግቡ ተብለው የለቀቁት አገር ነውና፣ ሰፋሪ ቤተሰቦች ከከተማው ፎቅ ወርደው ሊሰፍሩበት ጓዛቸውን ይዘው ከታች ተቀምጠዋል። ውሃ ከተገኘ ይቀራሉ፤ ካልተገኘ ሲመሽ ተጭነው ይመለሳሉ። የአገሩ ጥቁር ዓለት የመርከቡን ውሃ መፈለጊያ ስላሳወረው ተስፋው ሁሉ በአሮጌው ካርታ ላይ ወድቋል።

«ካርታው ላይ ውሃ የለም» አለ መርከቡ። «ጥቂት የእግር መንገዶችንም በስህተትነት እየሰረዝኩ ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«ከየመንደሩ ተነሥተው ባዶ ገደል ሥር ያልቃሉ። መድረሻ የላቸውም።»

ትርሲት መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። የሰው እግር ደግሞ መቼ ነው ያለ ጉዳይ ገደል ሥር የሚመላለሰው?

«መሰረዙን ተው። እዚያ አውርደኝ» አለች። የመጀመሪያ እምቢታዋ ይኸው ነበር።

የሰፋሪዎቹ ታላቅ እትዬ ይመኙሻል ተከትለዋት መጡ። የመርከቡ መሰርሰሪያ ገደሉ ሥር ናዳ የቆለለውን ድንጋይ በሳው። ውሃው መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ጥርት ብሎ ወጣ። ትርሲት ደስታው እንባ ሆነባት።

«ካርታ ሠሪው እንዴት ሳያየው ቀረ?»

እትዬ ይመኙሻል ሳቁ። «መለኪያ ተሸክሞ ለመጣ ሰው ምንጩን ማን ያሳየዋል? የተጻፈ ይወሰዳል ይሉ ነበር አያቴ። ምንጩን ቅጠል አልብሰው፣ ከብት አስተኝተውበት ሰውዬውን ሸኙት አሉ። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ቦታውንም አላውቀው። መንገዱን መደበቅ ግን ማንን ትዝ ይለዋል?»

«ምንጩን በአዲሱ ካርታ ልመዝግብ?» አለ መርከቡ ከላይ።

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ያ ካርታ ማን ዘንድ ይደርሳል?»

«ሁሉም ዘንድ፣ እትዬ» አለች ትርሲት።

አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ካጠገባቸው ካለው ቁጥቋጦ ቅጠል ሸምጥጠው ምንጩን አለበሱት።

ትርሲት እጃቸውን እያየች ቆየች። «ለመኖሪያ ይሆናል በል» አለችው መርከቡን። «ምንጩን ተወው። መንገዶቹን ብቻ ሣል።»

«መድረሻ የሌለው መንገድ ስህተት ነው።»

«ይሁን። እሷን ስህተት ለሰው ተዋት።»