መብሩካ አይደለሁም

ሌሊት የሆነ ታሪክ ከጠበቃችሁ ይሄን እለፉት። ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ካርቱም ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍበት ሰዓት።

የሆነባት ልጅ እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ ትኖራለች። ያላየሁትን እሷ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። የመጨረሻውን ግን... በራሴ ዓይን አይቻለሁ።

ስሟ ሬሕማ ነው። ስሟን ያዙልኝ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2005፣ ሙቀቱ ብረት በሚያቀልጥበት ወር፣ ደላላዋ ኒዕማ እየሮጠች መጣች።

«ሥራ አገኘሁልሽ! ሒለት ሲድር! የሀብታም መንደር ነው። የውሻ ቤታቸው ሳይቀር እብነ በረድ ነው።»

«ውሻ አልወድም።»

«ውሻስ የላቸውም።»

«ታዲያ የውሻ ቤት ምን ያደርግላቸዋል?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደሽ ጠይቂያቸው። ያላ፣ ልብስሽን አንሺ!»

ሒለት ሲድር ከከተማው ወጣ ብላ፣ ዓባይ ዳር ያለች መንደር ናት። ድሮ ሽንኩርት ይበቅልባት ነበር አሉ። የነዳጅ ገንዘብ ሲመጣ ገበሬዎቹ መሬታቸውን ሸጠው ሄዱ፤ በሽንኩርቱ ቦታ ቪላ በቀለ። ሁሉም ነጭ። ሁሉም ባለ ረጅም አጥር። ካርቱም አቧራ ስትቅም እዚያ ሣሩ ይጠጣል።

ሬሕማ ከሃፍላው፣ ከአውቶቡሱ ወርዳ መንደሩን ስታቋርጥ አንድ ነገር ቅር አላት።

በካርቱም ዛፍ ካለ፣ ሥሩ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። እዚያ ዛፉ ሞልቷል። ሥሩ ግን ማንም የለም። ሕፃን የለም። ውሻ የለም።

ከድሮው መንደር የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየበሩ ዚር ተቀምጧል፤ መንገደኛ ሲጠማው ቀድቶ የሚጠጣበት የሸክላ ጋን። ለሟች ነፍስ ሰደቃ ነው።

ግን በዚያ መንደር በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ የለም...

የቤቱ ባለቤት ሐጃ ሉጥፊያ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ሬሕማን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ስምሽ ማነው?»

«ሬሕማ።»

«እዚህ ቤት መብሩካ ነሽ።»

«ሬሕማ ነኝ።»

«ካንቺ በፊት የነበረችውም መብሩካ ነበረች። ከሷ በፊት የነበረችውም። ምላሴ ለምዶታል።»

«አዲስ ያለምዱታላ፣ ሐጃ።»

አሮጊቷ ሳቀች። «ኒዕማ ንግሥት ነው እንዴ የላከችልኝ?»

ከዚያ ፓስፖርቷን ተቀብላ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን በተጠቀለለችበት ጨርቅ፣ በቶቧ ጫፍ ቋጠረችው።

ያለ ፓስፖርት ካርቱም ውስጥ መንቀሳቀስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሻ አለ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ከመንገድ ለቅሞ ይጭናል። ሬሕማ ታሰረች ማለት ነው።

ግን አንገቷን አልደፋችም።

«መብሩካ!»

ወለሉን ትወለውላለች።

«መብሩካ!»

ሰሐኗን ታጥባለች።

«አንቺ ልጅ!»

«ነዓም፣ ሐጃ። ሬሕማ ነኝ፣ መጣሁ።»

በየቀኑ እንዲህ ነበር። ደረጃው ላይ፣ ጓሮው ላይ፣ በሩ ላይ፤ ግቢው በሙሉ እስኪሰማ ድረስ። ሬሕማ ነኝ። ሬሕማ ነኝ።

ሁለት ወር ሲሆን ፓስፖርቷን ጠየቀች። አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብሩካ ስትባዪ ነዓም ብለሽ መልሺ። ያን ዕለት በእጅሽ እሰጥሻለሁ።»

«ለአንድ ቃል?»

«ለአንድ ቃል።»

«ስሜን ያወጣልኝ አያቴ ነው። ሲሞት ሌላ ያወረሰኝ ነገር የለም፣ ሐጃ። አልሸጠውም።»

አሮጊቷ የቶቧን ቋጠሮ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሬሕማ በንዴት መሰላት። በኋላ ነው የገባት... ፍርሃት ነበር።

የሬሕማ ሥራ ከሁሉ በፊት ዚሩን መሙላት ነው። ሁልጊዜ ከስምንት ሰዓት በፊት፣ ቤቱ ሳይተኛ። ዚሩ እስከ ሴት ወገብ ይደርሳል።

አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ባዶ ነው።

ጠብታ የለውም። ኩባያው ብቻ እርጥብ ነው።

በረኛው ዐም ረሺድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከኪሳቸው ጥጥ አውጥተው ሁለቱንም ጆሯቸውን ይወትፋሉ።

«ዐም ረሺድ፣ ጆሮዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ጥጡ?»

«እንዳያመኝ።»

አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆና ሰዓቱን አየች። ስምንት ሰዓት። መንደሩ ሁሉ ተኝቷል። ጄኔሬተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

«መብሩካ...»

የሐጃ ድምፅ ነው። ከውጭ፣ ከበሩ በኩል።

ሬሕማ ዝም አለች። ትጩኽ፣ ብላ።

«መብሩካ...»

ቆይ... ሐጃ በዚህ ሐሩር ውጭ ምን ትሠራለች?

ቀስ ብላ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች። በሩን ገፋ አደረገች።

አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ናት። ተኝታለች። አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«መብሩካ...»

ከውጭ።

ሬሕማ ትንሽ ሆና እናቷ የነገረቻት ትዝ አላት። በቀትር የጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ። በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ያኔ ከጎረቤት ቪላ አንዲት ልጅ መለሰች። ባለቤቶቹ ለንደን ከሄዱ ዓመት ካለፋቸው፣ መስኮቱ በጣውላ ከተመታ ቪላ...

«አቤት።»

በአማርኛ!

ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ቀጠን ያለ። «አቤት።»

ከዚያ ውሃ የመጠጣት ድምፅ። ጎንጨት... ጎንጨት... ጎንጨት። ረጅም ጊዜ።

አሥር ሰዓት ላይ ዐም ረሺድ ዘንድ ወጣች። ጥጡን ራሷ ከጆሯቸው ነቀለችው።

«ከእኔ በፊት ስንት ነበሩ?»

«ልጄ...»

«ስንት?»

«አራት። የአገርሽ ልጆች። ጨዋ ልጆች ነበሩ። ሲጠሩ ይመልሳሉ።»

«የት ሄዱ?»

«ሄዱ።»

«በየት? በሩን የሚከፍቱት እርስዎ አይደሉ?»

ሽማግሌው ጥጡን ከእጇ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔ በር አልከፈትኩላቸውም» አሉ በሹክሹክታ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ቅጽበት ፓስፖርቱን ትቶ ይሮጥ ነበር። ሬሕማ ግን በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ዚሩን ሞላች። ጫማዋን አጥልቃ ጠበቀች።

ስምንት ሰዓት።

«መብሩካ...»

መኝታ ቤት ገባች። ሐጃ ተኝታለች። የቶቧ ጫፍ ከአልጋው ተንጠልጥሏል። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

ፓስፖርቷ ከላይ ነው።

ከሥሩ ሌላ አለ። ከሥሩም ሌላ... አራት። አራቱም የኢትዮጵያ። ሄዱ የተባሉት ሁሉ ያለ ፓስፖርት ነው የሄዱት?

አምስቱንም አነሳች።

ስትዞር የሐጃ ዓይን ተገልጧል። አልተነሳችም። አልጮኸችም።

«ተዪው» አለች በሹክሹክታ። «አንቺ ከሄድሽ ማን ይመልስለታል?»

«ለማን?»

«የሚመልስለት ካጣ... እኔን ይጠራኛል።»

ሬሕማ አየቻት። የዚያን ያህል ሀብት፣ የዚያን ያህል አጥር... አልጋው ላይ እንደ ሕፃን ተኮማትራ።

«እንግዲያስ ራስዎ ይመልሱ፣ ሐጃ።»

ወጣች።

ግቢው በብርሃን ነጭ ሆኗል። ዚሩ በሩ ሥር ቆሟል። ኩባያው በሰንሰለቱ ላይ ይወዛወዛል፤ ነፋስ ግን የለም።

«መብሩካ...»

ከዚሩ ጀርባ። ሦስት እርምጃ።

ታውቃላችሁ፣ የወሎ ልጅ እልህ ከያዛት ያዛት ነው።

«መብሩካ እዚህ የለችም!» ብላ ጮኸች። «መብሩካ የምትባል ሰው ኖራም አታውቅ!»

የመጀመሪያውን ፓስፖርት ገለጠች። በአማርኛ ተጽፏል። ክብ ፊት፣ የተነቀሰ አንገት።

«ምንዳዬ!»

ጣውላ ከተመታበት ቪላ፣ «አቤት።»

«በቀለች!»

«አቤት።» አሁን ቀረብ ብሎ ነው። አጥሩ ሥር።

«እፀገነት!»

«አቤት።»

«ዘምዘም!»

መልሱ የመጣው ከጆሮዋ አጠገብ ነው። እያለቀሰ። «አቤት፣ እታለም።»

ሬሕማ አልዞረችም። «በሉ ኑ» አለች፣ ወደ ፊት እያየች። «እንሂድ።»

ዚሩ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። ውሃው መሬቱን አጠበው።

ዐም ረሺድ ከወንበራቸው ተነሱ። ጥጡን ከጆሯቸው አውጥተው ጣሉ። የብረቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱ።

ሬሕማ አለፈች። ርቃ ዘወር ስትል ሽማግሌው አሁንም በሩን ይዘው ቆመዋል። ሰው እያሳለፉ እንደሆነ ሁሉ፣ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ።

አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ... ሦስት... አራት። ከዚያ ዘጉት።

እስከዚህ ድረስ እሷ የነገረችኝ ነው።

ሬሕማ ግቢያችን ከገባች በኋላ አራቱን ፓስፖርቶች በብስኩት ቆርቆሮ አስቀመጠች። ዘመዶቻቸውን ታፈላልጋለች፤ ወደ መተማ በሚሄዱ ሾፌሮች ደብዳቤ ትልካለች። ዐም ረሺድ አንድ ጊዜ ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ሥራውን ትተዋል። «ሐጃ አሁን ቀን አትተኛም» አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ባለፈው ዓርብ ግቢው ውስጥ እኔና ሬሕማ ብቻ ነበርን። እሷ ክፍሏ ተኝታለች። እኔ ኒም ዛፉ ሥር መጽሐፍ ይዤ፣ ሳላነበው፣ ደመና የሌለውን ሰማይ አያለሁ።

ስምንት ሰዓት።

የግቢው የቆርቆሮ በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ሬሕማ...»

የአሮጊት ድምፅ። አጠራሩ የሱዳን ነው።

ልከፍት ተነሳሁ። ያኔ ሬሕማ በሯ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ሬሕማ...»

ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ግቢ ስሟን ስትጮኽ የሰማት ሐጃ ብቻ አልነበረችም...

አየኋት። ጣቷን ከከንፈሯ አነሳች። አገጯን ቀና አደረገች። ልትመልስ ነው! ከስሟ የምትሸሽ ሰው አይደለችም፤ ልትመልስ ነው...

«ሬሕማ...»

«የለችም።»

እኔ አይደለሁም። እሷም አይደለችም።

አራት ድምፅ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከእኔ እስከ እሷ ባለው ባዶ ግቢ መሐል።

ከበሩ ውጭ የሆነ ነገር ትንፋሹን ሳበ... ከዚያ ጸጥ አለ።

ዓይኔን ዝቅ አድርጌ መሬቱን አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልነካው ደረቅ አሸዋ ነው።

በሬሕማ ደጃፍ፣ ጎን ለጎን፣ አራት ጥንድ እርጥብ የእግር ዳና ነበር። ተረከዛቸው ወደ በሯ። ጣቶቻቸው ወደ ውጭ።