ጋሽ ፓምፕ ያላወለቁት ቀለበት

የማታ ፈረቃ ሠራተኛው ጋሽ ፓምፕ የፓምፕ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ያገኟቸው ማልደው የገቡት የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ናቸው። ቱታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ማጅራታቸው ተፈንክቷል።

ፓምፑ ግን አላቆመም። እሳቸው ሞተውም ውኃው ወደ ከተማው ይወጣ ነበር።

መርማሪው ደረሰ። ባልደረቦቹ «መዥገር» ይሉታል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅማ! እሱም ቅጽል ስሙን አይጠላውም።

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

ሁሉም ወደ ውኃ ጣቢያው አለቃ ዞሩ። ሰው መቼም ጣት ለመቀሰር አይሰንፍም።

ጠቡ የጡረታ ነበር። ዱሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ጡረታው ይከፈላት ነበር። አዲሱ ደንብ ግን ባልዋ ሥራ ላይ ካልሞተ አንድ ጊዜ ቆንጠር አድርጎ ሰጥቶ ያሰናብታታል። ጋሽ ፓምፕ ልባቸው ታሞ ስለነበር፣ ደንቡ ሳይለወጥ ጡረታ ልውጣ ብለው ለመኑ። አለቃው ምትክ ሳላገኝ አለቅዎትም አለ። ደንቡ ተለወጠ። ትናንት ጋሽ ፓምፕ አለቃውን ሰው ፊት አዋርደው ሰድበውታል። አለቃው ደግሞ ማታ ቢሮው አምሽቷል።

«ስድቡ ከንክኖህ ገደልካቸው?»

«እኔ? ጌታዬ፣ እኔ እኮ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ!»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ለምነውኝ ነበራ! የፈለጉት አንድ ፊርማ ነበር።»

አለቃው ታሰረ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጉድ ይዞ መጣ።

«የገደላቸው ልባቸው ነው። የተፈነከቱት ከሞቱ በኋላ ነው።»

ሬሳ ደግሞ ተነስቶ አይወድቅም። መዥገር ወደ ፓምፕ ቤቱ ተመለሰ። በሩ ላይ አንድ ሠራተኛ እጁን ያዘው።

«ቀለበትህን አውልቅና ሚስማሩ ላይ ስቀል፣ ጌታው። የሚሽከረከረው የሞተሩ ቺንጋ ከያዘው ጣትህን ይዞት ይሄዳል። እዚህ ማንም ቀለበት አድርጎ አይገባም።»

«ጋሽ ፓምፕም ያወልቁ ነበር?»

«ሚስማሩን የመቱት እሳቸው አይደሉ እንዴ!»

መዥገር ክው አለ። ጠዋት ሬሳው ጣት ላይ ቀለበት አይቷል።

ማታ ማታ ጋሽ ፓምፕን ከቤታቸው የሚያመጣቸው የሰርቪስ ሾፌሩ ነው፤ እንደ ልጃቸው የሚያዩት። መዥገር መኪናው ውስጥ ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስታመጣቸው በሕይወት ነበሩ?»

ሾፌሩ መሪውን ጨበጠ።

«አለቃው ባልሠራው ታስሯል።»

«የራሱ ጉዳይ! ይታሰር!» ወዲያው ግን ፊቱ ተጨማደደ። «ኧረ ተው፣ እሱም ልጆች አሉት። ልወስዳቸው ስሄድ ቱታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ አልፈዋል። ሥራ ላይ ሞቱ ቢባል ሚስታቸው እትዬ ሜዳ ላይ አይወድቁም ብዬ... እኔ ነኝ ያመጣሁት ሐሳቡን። ተሸክሜያቸው ስገባ የፓምፕ ቤቱ ደረጃ ላይ ከእጄ አመለጡኝ። ‹ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ› እያልኩ አነሳኋቸው። እኔን እሰረኝ፤ እትዬን ተዋቸው።»

«የቀለበቱን ነገር አታውቅም ነበር?»

«አሳምሬ አውቃለሁ። እሱን እትዬን ጠይቃቸው።»

የጋሽ ፓምፕ ቤት በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሚስትየው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደርቋል። ጎረቤቶች ይህን እያዩ ይንሾካሾካሉ። ጠረጴዛው ላይ ለፈረቃው የተዘጋጀው ምሳ ዕቃ እንደተከደነ ነው። መዥገር ሰዎቹን ለአፍታ አስወጣና በሩን ዘጋ።

«እማማ፣ ቀለበቱ ለምን አልወለቀም?»

እንደማያውቁ ለመምሰል እንኳ አልሞከሩም።

«ልጁ ሊያወልቀው ሲል እጁን ያዝኩት። ባሌ ቀለበቱን የሚያወልቀው ተመልሶ ሊያጠልቀው ነው፣ ልጄ። አሁን ምን ብዬ ላስወልቀው? አይመለስ!»

መዥገር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልቀቅ አማረው።

«ቀለበቱን ሚስማሩ ላይ ልሰቅለው እችላለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላየሁም እላለሁ። ጡረታውን ያገኛሉ።»

እማማ ወደ ምሳ ዕቃው ዞሩ።

«ብቻውን ሲሚንቶ ላይ ሞተ ተብሎ ይቀራል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እጄ ላይ ነው እኮ የሞተው። ጎንበስ ሲል እኔ ነኝ የያዝኩት። ሰው እንዳይሰማኝ ትራስ ነክሼ አደርኩ። ጠዋት መጥተው ሲያረዱኝ ደግሞ ለቅሶው እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ባሌን በወጉ እንኳ አላለቀስኩትም!»

ተነሡ። መዥገር ሊይዛቸው እጁን ዘረጋና ተወው። በሩን ብርግድ አድርገው ከፈቱት።

«ቤቱ ነው የሞተው!» ብለው እሪ አሉ። «ብቻውን አልሞተም! እጄ ላይ ነው የሞተው! ወይኔ ጌታዬ! ወይኔ!»

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ደግፈዋቸው አብረዋቸው አለቀሱ። ጡረታቸውም በዚያው እሪታ ሄደ። መዥገር ኮፍያውን አወለቀና ከለቀስተኛው መሐል ገብቶ ተቀመጠ።