ከዳሌ አጥንት በስተኋላ

የዳናው ኮረብታ የሽጉጥ ተኳሾች ክለብ ሊቀመንበር ክሪስፑሎ ኦርባሶ ወንበር ላይ ወጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም የጦርነት አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ታዳሚውን አንድ በአንድ ከቃኙ በኋላ፣ የዛሬው የዶሮ ሩዝ ያለ እንቁላል እንደሚቀርብ አስታወቁ። እንቁላሉ ከድልድዩ ማዶ ቀርቷል። ድልድዩ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነው።

ሃምሳ ተኳሽ ሲጠበቅ ቀድመው የተሻገሩት ዐሥራ አራት ብቻ ነበሩ። ሁሉም በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተፋፍገው ዜናውን በትዕግሥት ተቀበሉ። ጭልፋ የያዘችው ቴሲ ያፕ ግን ባሏን አንሰልሞን በዓይኗ ፈለገች፣ አጣችው። አንሰልሞ ምግብ ተጠርቶ የሚቀር ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ክፉ ነገር እንዳለ ገና ሳይፈለግ ታወቀ።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ በጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ግድግዳ ተደግፈው የነበሩት የብረት ኢላማዎች ተንደው እግሩን ተጭነውታል። ዝናሩን እንደታጠቀ ነው፤ የሽጉጡ አፎት ባዶ ሲሆን፣ ማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት ሽጉጡ አጠገቡ ወድቋል።

ሊቀመንበሩ ነፋስ ነው አሉ። ሌሎቹም ነፋስ ነው ብለው ተስማሙ፤ ነፋስ ጠበቃ የለውም።

ፐርላ ኢቡስ ግን ተንበርክካ አየችው። ሃያ ስድስት ዓመት በሴቡ ደሴት ፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ በክለቡ የተኳሾች ጥይት እንደ ደንቡ መሆኑን ለማየት ትመዝናለች።

«ብረቱ ያረፈው እግሩ ላይ ነው» አለች፤ «የተሰበረው ግን ማጅራቱ ነው። ነፋስ እየመረጠ አይመታም።»

ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ብትመልሰው ደስ ባላት ነበር። ብረቶቹን ጠዋት እዚያ ያስደገፋቸው ታናሽ ወንድሟ ዶሚንጎ ነበርና። የክለቡ መሣሪያ ሠሪ ነው። ከአንሰልሞ ጋር ሲጯጯህ ሁሉም ሰምቷል፤ ምን እንደተባባሉ ግን በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አላሰማም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዶሚንጎ የጥይት ማከማቻው ውስጥ ተቆለፈበት። ውሃው ሲጎድል ፖሊስ እንዲረከበው ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ከጣሪያው ሥር ማንም ንቅንቅ እንዳይል ሊቀመንበሩ አዘዙ።

በየጓሮው በስውር ሽጉጥ በሚሠራበት በዳናው፣ አንድ መሣሪያ ሠሪ ለፖሊስ ከተሰጠ ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ይህን ከፐርላ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ በፖሊስነቷ ዘመን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳትጠይቅ የኖረችው እሷ ናት። አሻግራ ወንዙን አየች። ዝናቡ አባርቷል። ውሃው በጎደለ ቁጥር የወንድሟ ጊዜ አብሮ እየጎደለ ነው።

ወደ ተቆለፈው በር ሄዳ በስንጥቁ አናገረችው።

«ምን ብለኸው ነው?»

«ማናንግ» አላት፣ ታላቅ እህት እንደሚጠራ፤ «ሁለት ወር ሙሉ ለክፍት ምድብ የሚሆን ሽጉጥ ስሠራለት ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት ‹ከእንግዲህ አያስፈልገኝም› አለኝ።»

«ለምን?»

«አልነገረኝም።»

«እና አንተስ?»

«እናቱን ሰደብኩ። አባቱን ልጨምር ስል ዝናቡ በረታ።»

ፐርላ ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ተመለሰች። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተኳሽ ሁሉ ውድድር ሳይጀመር ምድቡን በካርድ ጽፎ አቃፊ ውስጥ ይከታል፤ ካርዶቹ የሚነበቡት ምዝገባው ሲዘጋ ነው። በክፍት ምድብ መነጽር ቢገጥሙ፣ የጥይት ካዝናውን እስኪጠግብ ቢሞሉ፣ ዝናሩን ሆድ ላይ ቢደረድሩ ከልካይ የለም። በፋብሪካ ምድብ ግን ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ በካዝና ዐሥራ አምስት ጥይት፣ ካዝናዎቹም ከዳሌ አጥንት በስተኋላ። የዛሬው ውድድር ከየምድቡ አንድ አንድ ሰው ለብሔራዊ ቡድን ያሳልፋል።

የአንሰልሞ ካርድ በትላልቅ ፊደላት «ክፍት» ይላል። ቴሲ ሲጽፍ አላየችውም፤ ድስቱ ላይ ነበረች፣ አቃፊውንም የሚጠብቅ አልነበረም። ዐሥር ዓመት የተኮሰው በክፍት ነው፣ ሌላ ምን ሊጽፍ ኖሯል ብላ አለቀሰች።

ፐርላ ከዚያ በኋላ ሰዎችን ተራ በተራ ወደ አስከሬኑ እየወሰደች አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ዝናሩ ላይ ምን ይታያችኋል?

በክፍት ምድብ የሚተኩሱት ሊቀመንበር ገና ከሩቁ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ካዝናዎቹ ምን ሆነው ወደ ኋላ ሸሹ? በጀርባው ሊተኩስ ነበር?»

ሮዴል ማግሳይ በፋብሪካ ምድብ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ዝምተኛ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «ምንም የለውም፤ እንደሚገባው ነው» አለ። ቀጥሎም ሳትጠይቀው፣ ከሟች ጋር ምንም ጉዳይ እንዳልነበረው፣ «እሱ በክፍት እኔ በፋብሪካ፣ የምንገናኘው ድስት ላይ ብቻ ነው» ሲል አስረዳት።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ፐርላ አራቱን ካዝናዎች እያወጣች ጥይቱን ቆጠረች። ከዚያ የሟቹን ሻንጣ ከፈተች። ቀጥላም ሰዉን ሁሉ አስከሬኑ ዘንድ ሰበሰበች።

«ወንድምሽ ነው እኮ» አሉ ሊቀመንበሩ ገና ሳትጀምር። «ደም ያደላል።»

«ስለዚህ በእኔ አይመኑ፣ በዓይንዎ ይመኑ» አለች ፐርላ። ከአስከሬኑ አጠገብ የተገኘውን ሽጉጥ አንስታ ወደ ሟቹ አፎት ልትከተው ሞከረች። አልገባም። «አንሰልሞ ይህን ሽጉጥ ዛሬ አልታጠቀውም። መነጽሩ አያስገባውም።» ከሻንጣው መነጽር የሌለው ተራ ሽጉጥ አውጥታ አፎቱ ውስጥ ስትከተው ጥርቅ ብሎ ተቀመጠ። «የታጠቀው ይህን ነው። አራቱም ካዝናዎች ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ጥይት ይዘዋል። ሁሉም ከዳሌ አጥንት በስተኋላ ናቸው። ካርዱ ክፍት ይላል፤ ዝናሩ ፋብሪካ ይላል። ሰው ከሚጽፈው የሚታጠቀውን እመኑ።»

ሰዉ ዝናሩን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«እንግዲህ ካርዱን የቀየረ ሰው አለ። ሽጉጡንም የቀየረው እሱ ነው፤ አንሰልሞ ምድቡን እንደለወጠ እንዳይታወቅ። ዶሚንጎ ቢገድለው ይህ ሁሉ ምን ይሠራለታል? ሊቀመንበራችን በክፍት ምድብ ተፎካካሪያቸው ቢቀነስላቸው ድግስ ይደግሱ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ፣ እውነቱን አስበው ዘጉት።

«በፋብሪካ ምድብ ዛሬ የተመዘገበው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች ፐርላ። «ካርዱን አስታወሰ፣ ሽጉጡን አስታወሰ። ዝናሩን ግን ዐሥር ጊዜ ቢያየው አይታየውም፤ እሱ ራሱ በየቀኑ እንዲያ ነው የሚታጠቀው። እንግዳ የሆነበት ነገር አልነበረም።»

ሮዴል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማናንግ ፐርላ፣ ዝናር አይቶ ደህና ነው ያለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። የመጀመሪያውን ካርድ የያዘው ግን ነው። በዝናብ ወረቀት አይቃጠልም። ወንዙ ዘንድ የሄደ የለም። የክለቡ ሽንት ቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የሰጡትን ሁሉ ይመልሳል። ካርዱም እንደኛው እዚህ ታግቷል።»

ሁሉም ሮዴልን አዩ። ሮዴል አልተንቀሳቀሰም፤ ቀኝ እጁ ወደ ሽጉጡ እንዳትሄድ ወደ ላይ ይዟታል። ግራ እጁ ግን በገዛ ፈቃዷ፣ እልፍ ጊዜ እንደለመደችው፣ ከዳሌ አጥንቱ በስተኋላ ወዳለው የመጨረሻ የካዝና ማኅደር ሄደች፣ ከደነችው። በማኅደሩ ውስጥ ካዝና አልነበረም። ሊቀመንበሩ አራት ላይ የታጠፈውን ካርድ አውጥተው ዘረጉት። በአንሰልሞ የእጅ ጽሕፈት «ፋብሪካ» ይላል።

ሮዴል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ የቤቱ ጣሪያ ላይ ባዶ ሽጉጥ እየመዘዘ ሲለማመድ እንደኖረ ተናገረ፤ ሚስቱ ትታው ስትሄድም ጣሪያው ላይ ነበር።

«ለምን ትመጣብኛለህ አልኩት» አለ። «‹በክፍት አርባ ጎረምሳ አለ፤ በፋብሪካ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ› አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊሄድ ሲል ከኢላማዎቹ አንዱ ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ዶሚንጎ ወጣ፣ ሮዴል ገባ፤ ቁልፉ ያው አንድ ቁልፍ ነበር። ፐርላ የወንድሟን ክንድ ያዘች።

ሊቀመንበሩ ዳግመኛ ወንበር ላይ ወጡ። ስፖርት ከሰው ነፍስ እንደማይበልጥ፣ ማሸነፍ ከንቱ እንደሆነ ተናገሩ። ሁሉም ኮፍያ አወለቀ። ቴሲን አቅፈው ያለቀሱም ነበሩ። ጸሎትም ተደረሰ፤ የወንዙ ድምፅ እየቀነሰ ሲሄድ ይሰማል።

ዶሚንጎ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ሄዶ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀረቡት። ይቅርታ ሊጠይቁት እንደሆነ ገመተና አንገቱን ደፋ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ፣ «ዶሚንጎዬ» አሉ፤ ከሻንጣቸው ትርፍ ሽጉጣቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይህችን መነጽር ለመንቀል ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?»

ዶሚንጎ ቀና ሲል ከእሳቸው ኋላ ስምንት ሰዎች ተሰልፈዋል። እርስ በርስ ላለመተያየት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ዝናራቸውን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየገፉ ነበር።