ላባ ሚዛን ላይ ወጣች

«ተነስ ብዬሃለሁ። ዛሬ እንኳ አታስለፍልፈኝ» አለች ላባ፣ መጥረጊያዋን ይዛ አልጋው ራስጌ ቆማ።

አልጋው ላይ ያለው የአሸዋ ክምር ነው። ታናሽ ወንድሟ ብትን የማታ ውሃውን ሳይጠጣ ተኝቶ፣ እንደ ልማዱ ፈርሶ አድሯል። ከክምሩ መሀል አንድ ዓይን ብቻ ተከፍቶ ያያታል።

የአሸዋ ጎሳ ሰው ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ካልጠጣ አካሉ አይያያዝም። ይህን በረሃው ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ብትን ግን ሲነገረው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እናታቸው ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ስለምትወጣ፣ እሱን መጥረግ፣ በወንፊት መንፋትና መልሶ ማቆም የላባ ፈንታ ሆኖ ቀረ። ይህን በየቀኑ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያንገፈግፍ የሚያውቅ የሠራው ብቻ ነው።

ዛሬ ወንፊቱ ላይ ሁለት ጥንዚዛና አንድ እርሳስ ቀሩ።

«እርሳሴን ሆድህ ውስጥ ነው የደበቅከው?»

«አልደበቅኩትም። ራሱ ገብቶ ነው።»

ልትጮህበት አሰበችና ትታው፣ ውሃውን አጠጥታ አቆመችው። ዛሬ የሚዛን ቀን ነው። የጉድጓድ ወራጆች ትምህርት ቤት ከመመዘኛው ድንጋይ የሚያንስ ልጅ አይቀበልም፤ ቀላል ሰው እዚያ ታች ከወረደ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ላባ ያንን ከምድር በታች የሚሄድ ውሃ በዓይኗ ለማየት ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስትመኝ ኖራለች። አምና አንድ እፍኝ ጎደላት። ላባ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ያን ቀን ነው፤ ባኮረፈች ቁጥር ስሙ ይብስ ተጣበቀባት። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ስለማይመዘን፣ ከዛሬ ወዲያ ሌላ ዕድል የላትም።

ንፋስ ሰውን ማፍረስ የሚጀምረው ከጀርባ ነው፤ ጀርባ ላይ ደግሞ የገዛ እጅ አይደርስም። ስለዚህ ማንም ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሌላው በእርጥብ መዳፉ ጀርባውን መታ መታ ያደርግለታል። ብትን ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ ይለመናል። ዛሬ ሳይለመን መጣ፣ ከኋላዋ ቆመና መታ፣ አለሰለሰ፣ ደግሞ መታ።

«በቃ፣ ረፈደብኝ።»

«ቁሚ እንጂ።»

«ዛሬ ምን ነካህ?»

«ሰው ሲያግዝሽም ትጨቀጭቂያለሽ?»

ሲወጡ ራሱን በእናታቸው ፎጣ እስከ አገጩ ጠምጥሞ፣ ግራ እጁንም ከፎጣው ሥር ከቶ ነበር። ንፋሱን ፈርቼ ነው አላት። የንፋስ ጎሳ ልጆች መንገዱ ላይ ይሯሯጡ ስለነበር አልተጠራጠረችም፤ ሐሳቧም ሁሉ ሚዛኑ ላይ ነበር።

የመመዘኛው ክፍል ጠባብ ነው። መስኮቶቹ በወፍራም ጨርቅ ተደፍነዋል፤ ተሰላፊው እስከ በሩ ደርሷል። ተራዋ ሲደርስ ላባ ትንፋሿን ውጣ ሰሃኑ ላይ ወጣች። ሰሃኑ ተንቀጠቀጠና ቀስ እያለ ወርዶ ከድንጋዩ እኩል ቆመ።

«ሞልተሻል» አሉ መዛኟ፣ መዝገባቸው ላይ እየጻፉ።

በደስታ እግሯ መሬት አልነካም። ብትን በሩ አጠገብ ይጠብቃታል።

«አለፍኩ» አለችው።

«እህ?»

«አለፍኩ እኮ ነው የምልህ።»

«በዚህ በኩል ንገሪኝ» አለና ቀኝ ጎኑን አዞረላት።

ላባ ፎጣውን ገፈፈችው። ግራ ጆሮው የለም። ከግራ እጁም ሁለት ጣት ጎድሏል።

«የት ጣልከው?»

«አልጣልኩትም» አለ። ዓይኑ ግን ወደ ጀርባዋ ሄደ።

ያኔ ገባት። ደስታዋ ሁሉ በአንዴ ንዴት ሆነ።

«አንተ ልጅ፣ ልታሳብደኝ ነው የተፈጠርከው? ማን አድርግ አለህ?»

«አታካብጂ። ያድጋል።»

«አያድግም። የአያታችን ጣት ከወደቀ አርባ ዓመቱ ነው፤ አደገ?»

«እሱማ ሽማግሌ ነው።»

«ያኔ ሽማግሌ አልነበረም።»

«አንድ ጆሮ ይበቃኛል። ያንቺን ጭቅጭቅ ለመስማትማ አንዱም በዝቷል።»

«ና መልሰህ ውሰድ። አሁኑኑ።»

«አልነካሽም» አለና እጆቹን ከኋላው ደበቀ። «አንቺ ጉድጓድሽን ትወርጃለሽ፣ እኔም ጨቅጫቃ ይቀርልኛል። ሁለታችንም ተገላገልን።»

ላባ እጇን በትከሻዋ አሳልፋ ሞከረች። በብብቷ በኩልም ሞከረች። አልደረሰም። ስሟ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ያየም የጠየቀም ሰው የለም። ከነገ ወዲያ በገመድ ታስራ ትወርዳለች። ስትመለስ የውሃውን ድምፅ ለብትን ልትነግረው ሁሌ ታስብ ነበር። አሁን በየትኛው ጆሮው ትነግረዋለች?

ክንዱን ይዛ፣ ተሰላፊውን እየገፋች መልሳ አስገባችው።

«እትዬ፣ ጀርባዬ ላይ የሱ እፍኝ አለ። እጄ አይደርስም፤ ያንሱልኝ።»

መዛኟ ከመዝገቡ ቀና አሉ።

«ካነሳሁት እንደገና እመዝንሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄ፣ የመጨረሻሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ፣ እትዬ። እባክዎ ቶሎ ያንሱልኝ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አረጠቡ። መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር። አሸዋውን ከጀርባዋ ለይተው አነሱና እጇ ላይ አኖሩላት፤ ስታየው ይህን ያህል ትንሽ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር።

ብትን ፊት ተንበረከከች። እሱ ማልቀስ ጀምሯል።

«አሁን እኮ ሁሌ ልትጨቀጭቂኝ ነው» አለ።

«ሁሌ» አለች ላባ፣ አሸዋውን በጣቶቿ እያሸች። «አሁን አትንቀሳቀስ፣ ጆሮህ ይጣመማል።»