ከበሩ በላይ ያለችው ድንጋይ

«ቀና ብላችሁ እዩ! ጎርፉ እዚያች መስመር ድረስ ደርሷል። ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አልደረሰም!» አለች ግሬታ፣ ለሃያኛ ጊዜ እየተለማመደች።

ወንዙ ሞልቶ በወጣ ቁጥር የከተማው ሰዎች ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በአሮጌው የድንጋይ መጋዘን ግድግዳ ላይ በመሮ ይቀርጻሉ። ነገ የቅርስ ቀን ነው። ግሬታ ታስጎበኛለች፤ ከበሩ በላይ ያለችውን መስመር ከፍታ የሚናገረውን የነሐስ ሰሌዳም የምትገልጠው እሷ ናት።

ጓደኛዋ ኦዴል በርሜል ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ በቆሎ ይግጣል።

«ስሚ፣ ሌሎቹ መስመሮች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሻገራሉ። ያቺ ለምን አንድ ድንጋይ ላይ ብቻ ቀረች? ውሃው ደክሞት ነው?»

ግሬታ ሳቀች። ከዚያ ልብ ብላ አየች። ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ከግራና ከቀኝ የሚመጣ መስመር አለ፤ መካከሉ ላይ ያለው አንድ ድንጋይ ግን ባዶ ነው።

ግድግዳውን ከሠላሳ ዓመት በፊት ያደሱት ግንበኛው አያቷ ኦርቪን ናቸው። እቤት ስትደርስ አምባዛ እየጠበሱ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ከበሩ በላይ ያለችው ድንጋይ…»

ሹካው እጃቸው ላይ ቀረ። «አየሻት?»

«አየኋት።»

«ድንጋዮቹን ሳወርድ የረድፋቸውን ቁጥር የጻፍኩት በጠመኔ ነበር። ዝናብ መጣና አደበዘዘው። ስድስቱን ስምንት ብዬ አነበብኩትና ድንጋይዋን ሁለት ረድፍ ከፍ አድርጌ ገነባኋት፣ በቃ!» ጆሯቸው ቀላ። «ላስተካክል ስል ከተማው ‘ማዶዎችን በለጥናቸው’ ብሎ ይጨፍራል። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ነገስ እኔ ምን ልበል?»

«አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ» አሉና አምባዛውን ገለበጡት።

ግሬታ እራቷን በደንብ አልበላችም። ብትናገር በአባባ ይሳቅባቸዋል። ዝም ብትል ደግሞ ስህተቱ በነሐስ ተጽፎ ይኖራል።

በማግስቱ ከማዶ የመጡት ሳይቀሩ መጋዘኑ ፊት ተሰበሰቡ። አባባ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ከኋላ ቆመዋል።

«ግለጪው እንጂ!» አለ ኦዴል።

ግሬታ የሰሌዳውን መሸፈኛ ያዘች፤ አባባን አየቻቸው። እሳቸውም ኮፍያቸውን አወለቁና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

መሸፈኛውን ለቀቀችው። ከኪሷ ጠመኔ አወጣች።

«አባባ፣ መሰላል ይዘው ይምጡ። የድንጋይዋን እውነተኛ ቦታ ያሳዩዋቸው።»

አባባ መሰላሉን አቁመው ታሪኩን ከተናገሩ በኋላ ማዶዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ የከተማው ሰውም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ጠመኔውን ግን አርቂልኝ!» አሉ አባባ ከላይ ሆነው። «ሁለተኛ አላምነውም!»

ግሬታ ጠመኔውን ኪሷ ከተተችና ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«እሺ» አለች፣ «ጉብኝቱን ከዚህች ድንጋይ እንጀምር።»