ሳይወለድ ክሊኒክ የከፈተው ሐኪም

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ክፍሌን ከታሪክ ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ግን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልመዘገብ ታሪክ ተምሬአለሁ ማለት ይቻላል።

«የከተማችን የመጀመሪያ ክሊኒክ መቼ ተከፈተ?» ይላሉ የታሪክ አስተማሪዋ።

«በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት» ይላሉ አርባ ሁለት የአራተኛ ክፍል ልጆች ባንድ አፍ።

«የከፈተው ሐኪምስ መቼ ተወለደ?»

«በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ።»

እኔም እንደ ልጆቹ በቃሌ ይዤው ነበር። ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አላሰላሁትም። በቀቀን ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ጎረቤቴን፣ የታሪክ አስተማሪዋን፣ ላማ አልተነሣሁም። አርፍደው አያውቁም፣ ቀርተው አያውቁም። ጡረታ ከወጣ መምህር የወረሱት፣ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ደብተር አላቸው። ከዚያ ላይ ሰሌዳው ላይ ይገለብጣሉ፣ ልጆቹ ከሰሌዳው ወደ ደብተራቸው፣ ፈተናውም ከዚያው ይወጣል። ውጤት ሁሌም ከፍ ያለ ነው፤ ወላጅም አመስግኖ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ነገር ማን እጁን ያስገባል?

እጇን ያስገባችው ጓደኞቿ «ወይዘሪት ለምን» የሚሏት ልጅ ናት። አንድ ጠዋት በግድግዳው በኩል ድምፅዋን ሰማሁ።

«ቲቸር፣ ሐኪሙ ክሊኒኩን የከፈተው ሳይወለድ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋ እስኪበርድ ጠበቁና፣ «አንቺ ልጅ፣ ከደብተሩ ልትበልጪ ነው? የተጻፈውን ጻፊ» አሏት።

ከአሥር ቀን በኋላ በተሰጠው ፈተና ላይ ሐኪሙ መቼ ተወለደ ለሚለው ጥያቄ «አላውቅም። የተጻፈው ግን ልክ ሊሆን አይችልም» ብላ መለሰች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደረገባት። በእረፍት ሰዓት ወረቀቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ መቀነስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ተሳስቻለሁ?»

አየሁት። ሃያ ስምንት ከሠላሳ አንድ ሲቀነስ ሦስት ነው፤ ሰውዬው ከመወለዱ ሦስት ዓመት በፊት ክሊኒክ ከፍቷል። አልተሳሳትሽም ልላት ይገባ ነበር። እኔ ግን ከባልደረባዬ ጋር መቀያየም አልፈለግሁም።

«ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አልኳት። «ለፈተና የተጻፈውን ጻፊ፣ እውነቱን ለራስሽ ያዢ።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ሄደች። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን አራተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ዞር ስል አርባ ሁለቱም አቀርቅረው ይገለብጣሉ። እሷም ትገለብጣለች። ስህተቴን ያየሁት ደብተሯ ላይ ነው።

«ይህ ልክ ነው?» አልኳት።

«አይደለም፤ ሃምሳ ስድስት ነው።»

«አውቀሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣም ሆነ ቅሬታ ፊቷ ላይ አልነበረም። «የተጻፈውን ጻፊ ብለውኝ ነበር» አለች።

እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ከበደኝ። ዝምታ ልጅ ላይ እንደሚነቅዝ፣ ያውም በሦስት ሳምንት እንደሚነቅዝ ያን ቀን ገባኝ። ያቺን የመሰለች ጠያቂ ያጠፋናት ሁለት ሆነን ነው፤ አንዳችን ተቆጥተን፣ አንዳችን መክረን።

ከትምህርት በኋላ መምህራን ክፍል ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ።

«አንተ ደግሞ» አሉኝ። «አርባ ሁለት ልጅ ይዤ ያንዳንዱን ለምን ስመልስ ልዋል? ወላጅ የሚጠይቀኝ ውጤት ነው። ታሪክ ደግሞ ከላይ የተቀበልከውን ወደ ታች ማስተላለፍ ነው።»

«ስህተቱንም ጭምር?» አልኳቸው።

ደብተሩን ከቦርሳቸው አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሁለቱን ዓመቶች በጣታቸው ደጋግመው ነኩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «ይህን ይዞ የወጣው ልጅ ስንት ነው? ከእሷ በቀር አንዱም እኮ ውሸት ነው አላለኝም። እንዲያ እንዳይል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ስለ ራሴ ጥፋት ነገርኳቸው።

በማግስቱ ልጆቹ ፊት ቆመው «ተሳስቻለሁ» አሉ። ልጅቷን በስሟ ጠርተው ይቅርታ ጠየቋት፤ ኤክሱንም ሰርዘው ሙሉ ነጥብ ሰጧት። እሷ «እሺ» ብላ ተቀመጠች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ይቅርታ መስማትና መልሶ መድፈር ለካ አንድ አይደሉም።

በሳምንቱ ክፍሉን ይዘን ክሊኒኩ ድረስ በእግር ሄድን። ደጃፉ ላይ የቆመው ድንጋይ «በ1958 ተከፈተ» ይላል። ደብተሩን የጻፈው ሰው አምስቷን ሁለት አድርጎ ገልብጧት ኖሯል ብለን ደስ ሊለን ሲል፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ጡረተኛ ነርስ ጣልቃ ገቡ።

«ድንጋዩ ሳይቆም እኔ እዚህ መርፌ ወግቻለሁ» አሉ። «በሃምሳ ሰባት ነው የተቀጠርኩት።»

ልጆቹ ሁለት ተከፍለው ለድንጋዩና ለነርሷ ጠበቃ ቆሙ። ሁሉም ወደ አስተማሪያቸው ዞሩ።

«የቱ ነው ልክ፣ ቲቸር?»

«እኔ አላውቅም» አሉ ጎረቤቴ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጅቷ ከሁሉም ኋላ ቀርታ ድንጋዩን ታያለች። ጠዋቱን ሙሉ አልተናገረችም። ሁለታችንም የምንጠብቀው እሷን ነው፤ ልንገፋት ግን አልደፈርንም። ብዙ ቆይታ ዞር አለች።

«ቲቸር» አለች፣ ድምፅዋ ገና አልጸናም፤ «ለድንጋዩ ጸሐፊስ ማን ነገረው?»

ማንም አልሳቀም። ጎረቤቴ አጠገቧ ሄደው ጎንበስ አሉ።

«እሱን አላሰብኩትም ነበር» አሏት። «ነይ፣ እትዬ ነርስን አብረን እንጠይቃቸው።»

ልጅ የምታስተምሩ፣ ልጅም የምታሳድጉ ሁሉ፣ ዓመተ ምሕረት ቢሳሳት ይታረማል። ሁለት ሰዎች ሆነን በሁለት ዓረፍተ ነገር ዝም ያሰኘናትን ልጅ አንዲት ጥያቄ እስክትጠይቅ ለመጠበቅ ግን አንድ ወር ከአሥር ቀን ፈጅቶብናል፤ እሱም ዕድለኞች ስለሆንን ነው።