አሥራ ሁለት እርምጃ

«ጓንትሽን አውልቂና እንጨባበጥ እንጂ!» አላት።

አለመታደል ነው። ሰውዬው ለሚወዳት ሴት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኼ ሆነ። ልጅቷ እጇን አየች፣ እሱን አየች፣ መልሳ እጇን አየች። ጓንት የሚባል ነገር አላደረገችም። እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ የሆነው የገዛ ቆዳዋ ነበር።

«እኔ ስድስት ዓመት ብፈትገው አልወልቅ ብሎኛል። አንተ ከቻልክ ሞክር!» ብላ እጇን ዘረጋችለት።

የፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ልጅቷ ቀለም ነካሪ ናት፤ ስትነጋ ስትመሽ ጨርቅ ከፈላ ቀለም ውስጥ እየነከረች ታወጣለች። እሱ ደግሞ አወያይ ነው። ከቦታ ቦታ እየዞረ «ዘላቂነት» የሚባል ሥልጠና ይሰጣል። ዘላቂነት ማለት በአጭሩ «ሁሉንም ዛሬ አትጨርሱት፣ ለልጅም አስተርፉ» ማለት ነው። ይኼን ለማለት አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጡ እስከ ዛሬ ድረስ ይገርመኛል።

ሆኖም ሙያው ሙያ ነበር። የሰዉን ዓይነት አይቶ ጨዋታ ይመርጣል። ለተማሪዎች ቆሻሻ የመለየት እሽቅድምድም። ለሽማግሌዎች ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋና «ይቺ ጫፍ ልጅነታችሁ ናት፤ ወንዙ ያኔ ምን ይመስል ነበር?» ይላል፤ ሽማግሌ አንዴ ከጀመረ ገመዱ አይበቃም። ከቢሮ ሰዎች ፊት ደግሞ አስቀድሞ ጠረጴዛውን ያስወጣል፤ የሚደገፉበት ሲያጡ እውነት ያመልጣቸዋል። አለቃና ሠራተኛ የተቀላቀሉ ዕለት ግን አንድ ሕግ ነበረው፦ ስም የሌለው ወረቀት፣ የተዘጋ ሳጥን። ሌላ ምንም!

ለፋብሪካው ሠራተኞች የመረጠው የዓሣውን ጨዋታ ነበር። ጎድጓዳ ሳህን ላይ የተቆላ ባቄላ አፈሰሰ።

«ይኼ ሐይቅ ነው፤ ባቄላው ዓሣ ነው። ያሻችሁን ያህል አጥምዱ። የሚተርፈው ይራባል፤ እጥፍ አድርጌ እጨምርበታለሁ።»

ሐይቁ በአንድ ዙር ነጣ። አንድ አንጋፋ ሸማኔ ጭራሽ የያዙትን ዓሣ ይቆረጥሙት ጀመር።

«ጋሼ፣ መጪውን ትውልድ በሉት እኮ!»

«ተወኝ ልጄ፣ የተቆላ ዓሣ እንደሆነ አይራባም።»

ቀለም ነካሪዋ ብቻ አንድ ፍሬ አላነሳችም።

«አንቺስ?»

«ሰው ሲሻማ እጄ አይሄድልኝም።»

አለቀለት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሰባ ሰው ያስተምር የነበረው ሰውዬ ለአንዲት ሰው ማስተማር ጀመረ።

ሥልጠናው አራት ሐሙስ ነበር። የየዕለቱ ሲያልቅ ሁለቱ ከፋብሪካው ሥር ባለው ወንዝ ዳር እየሄዱ ያወራሉ። ያ ወንዝ ምን ያህል ቀለም እንደጠጣ ልንገራችሁ? ታች ሰፈር ያሉት ዳክዬዎች ሰኞ ቀይ ሆነው ይወጣሉ፤ ማክሰኞ አረንጓዴ። እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ያየውን ሰው የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ። እሱ ስለ ጨዋታዎቹ ሁሉ ይነግራታል፤ የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ ሕጎቹ ምን እንደሆኑ። እሷ ብዙ አታወራም። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ድንገት ቆም አለች።

«ቧንቧውን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

«የቱን ቧንቧ?»

«የቀለሙን። ማጣሪያው ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ክፈቺ ይሉኛል፣ እከፍታለሁ። ሁሉም ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከዚያ ቤቴ ስገባ... የእናቴን ፊት ማየት ያቅተኛል። ያደገችው ታች ሰፈር ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ።»

«ሌላስ?»

«አንተ አትበቃም?»

እጇን ያዘ። እስከ ፋብሪካው በር ድረስ አልለቀቀውም። የተጫጩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀለበቱ ብቻ ነበር የቀረው።

አራተኛው ሐሙስ መጣ። የመዝጊያው ዕለት ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶች ጋር ገባ፤ ጸሐፊዋም ማስታወሻዋን ይዛ ከኋላው። አወያዩ ወረቀቱንም ሳጥኑንም አዘጋጅቶ ነበር። ሕጉን ያውቃል። ነገር ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያቺ ልጅ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ምን ዓይነት ደፋር፣ ምን ዓይነት ንጹሕ ሰው እንደሆነች ዓለም ሁሉ እንዲያይለት አማረው። ሰው ሲወድ ጅልነቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሳጥኑን ወደ ወንበር ሥር ገፋና ጠመኔ አነሳ። ከመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ላይ ረጅም መስመር አሰመረ።

«አንድ ሐሳብ አነባለሁ። የተስማማ መስኮቱ ጋ፣ ያልተስማማ በሩ ጋ ይቁም። “የፋብሪካችን አሠራር ለልጆቻችን ንጹሕ ወንዝ ያስተርፋል።”»

ሰዉ በዝናብ እንደተመታ መንጋ ተግተልትሎ መስኮቱ ጋ ተጠጋጋ። ጋሼ ሸማኔም ሳይቀሩ። እሷ መሃል ላይ ቀረች። አወያዩን አየችው። እሱም ፈገግ አለላት... አይዞሽ እንደማለት።

ብቻዋን ሄዳ በሩ ጋ ቆመች።

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ብቻ ሲጭር ይሰማል። አወያዩ መሃል ላይ ቆሞ «በጣም ጥሩ፣ ሁለቱንም ሐሳብ እናከብራለን» አለ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ።

ቅዳሜ ደብዳቤ ደረሳት። «ሥራ በመቀነሱ ምክንያት» ይላል። ሥራው የቀነሰው በአንድ ሰው ልክ ብቻ ነበር።

ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ደርሷል፦ አወያይ የተባለው ሰውዬ የአለቃው ጆሮ ነው፤ አፍቃሪ መስሎ ምስጢር ሊያወጣ የተላከ ነው። ቤቷ ሄዶ ሲያንኳኳ ታላቅ እህቷ ትወጣለች።

«የለችም።»

«ጫማዋ ደጁ ላይ ነው እኮ።»

«ጫማው አለ፤ እሷ የለችም። ወንድሜ፣ በፈጣሪ ይዘንሃል፣ ተወን።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ አስጠራው።

«ለስድስት ቅርንጫፎቻችን ትሠራልናለህ» ብሎ ደብዳቤ ገፋለት። «በተለይ ያቺን የመስመሯን ጨዋታ። ማን ምን እንደሚያስብ በአምስት ደቂቃ! እኛ በአምስት ዓመት አላወቅነውም።»

አወያዩ ያሰመረው መስመር ምን እንደነበር ያኔ ገባው።

«እሷን ወደ ሥራዋ ይመልሷት» አለ።

«ማንን?»

ስሟን እንኳ ረስቶታል! «አልሠራም» ብሎ ደብዳቤው ላይ በትልቁ ጻፈና ይዞት ወጣ። ይኼ ማስረጃ ነው። ይኼን ካየች ታምነኛለች አለ።

ቤቷ ሲደርስ እህቷ እያለቀሰች ነበር። ሌላ ከተማ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ሥራ ተገኝቶላታል። መናኸሪያ ሄዳለች።

ሮጠ። አውቶቡሱ ሞተሩ ተነስቷል። እሷ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ አጠገቧ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አስቀመጠና ደብዳቤውን ዘረጋላት።

«እይው! ስድስት ቅርንጫፍ ነበር፣ እምቢ አልኩ። የእነሱ ሰላይ ብሆን እምቢ እላለሁ? እመኚኝ...»

ሳታነበው አጥፋ መለሰችለት።

«ሰላይ ነህ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።»

«ታዲያ ለምን? ሦስት ሳምንት ሙሉ በር የዘጋሽብኝ?»

«ሰላይማ ብትሆን ጠልቼህ እገላገል ነበር። በሩ ጋ ቆሜ ዞር ብዬ አየሁህ። አሁን ይመጣል አልኩ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አለቃውን ረስቼው ነበር፣ ሥራዬን ረስቼው ነበር... አንተን ብቻ ነበር የምጠብቀው። አንተ ጠመኔህን ይዘህ መሃል ቆምክ።»

«አወያይ ወገን አይይዝም። ሕጉ ነው...»

«የወረቀቱም ሕግ ነበር። ራስህ ነግረኸኛል። እኔን የሚጠብቀውን ሕግ አፈረስከው፤ አንተን የሚጠብቀውን ጠበቅከው።»

ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ።

«አሁን እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «የትም ቁሚ፣ አጠገብሽ እቆማለሁ!»

«አሁንማ ማን ያይሃል?»

«ኧረ ወንድም!» አለ ረዳቱ ከኋላው። «አንድ ወንበር አለ። ትሄዳለህ አትሄድም? በሩን ልዝጋ!»

ልጅቷ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ቀና ብላ አየችው።

እሱ ወንበሩን አየ። የተላላጠ ቡናማ ቆዳ ነበር። ሰዓቱንም አየ።

«ሐሙስ... ለመምህራን የምሰጠው ሥልጠና አለኝ» አለ። «ከሐሙስ በኋላ ግን፣ እምልልሻለሁ...»

ሳቀች። ሳቋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የከፋው።

«ሂድ በቃ፣ እንዳይጠብቁህ» አለችው። ቦርሳዋንም መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

እግሩን ከደረጃው አወረደ። በሩ ተዘጋ።

ሐሙስ ዕለት አርባ መምህራን ወንበራቸውን በክብ ደርድረው እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቁት። አልሄደም። ወደ እሷም አልሄደም።